የስደተኞች የዘካ ፈንድ፦ የእምነት ግዴታ ለዓለም አቀፍ ተቋም በአደራ ሲሰጥ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2016 በሙከራ ጀምሮ በ2019 በይፋ ያቋቋመው የስደተኞች የዘካ ፈንድ፣ ሙስሊሞች በየዓመቱ እንዲያወጡ የታዘዙትን ዘካ ተቀብሎ በጦርነትና በስደት ቤት ንብረታቸውን ላጡ ቤተሰቦች የሚያደርስ አገልግሎት ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአገልግሎቱ ውስጥ በባሕርያቸው የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮች ተገናኝተዋል። አንደኛው ከሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዝርዝር ሕግ የተበጀለት የአምልኮ ግዴታ ነው። ሁለተኛው በ1950 የተመሠረተ፣ ከየትኛውም እምነት ጋር መወገን የማይፈቀድለት፣ ከመንግሥታት በሚያገኘው መዋጮ የሚንቀሳቀስ ተቋም ነው። እምነት በዕርዳታ ሥራ ላይ ምን ያመጣል የሚለውን ጥያቄ በተጨባጭ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

አገልግሎቱን በተራ የልገሳ ሚዛን መመዘን ግን አይቻልም። በበጎ ፈቃድ የለገሰ ሰው ገንዘቡ ከታሰበለት ቦታ ባይደርስ ያዝናል እንጂ ዕዳ አይቀርበትም፤ ዘካ የሚያወጣ ሰው ግን በራሱ ንብረት ውስጥ ያለውን የሌላ ሰው ድርሻ ለይቶ ለባለቤቱ የማስረከብ ግዴታ ስላለበት፣ አውቆ ለማይገባው ወገን ከሰጠ ግዴታው ከጫንቃው አይወርድለትም። ስለዚህ ወደ ፈንዱ የሚመጣ ሰው «ሥራችሁ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ «እናንተ ዘንድ ያስገባሁት ዘካ ዘካ ሆኖ ይቆጠርልኛል ወይ?» ብሎም ይጠይቃል። የፈንዱ አሠራር በሙሉ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ተብሎ የተቀረጸ መሆኑ፣ በእኔ ግምት፣ ዋናው ጥንካሬው ነው።

ፈንዱ የዘካ ማስያ ስላለው በተጠቃሚው በኩል ያለው ሥራ ቀላል ነው። በእጅና በባንክ ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ ወርቅና ብር፣ ለንግድ የተያዘ ዕቃ ከተመዘገበ በኋላ መከፈል ያለበት ዕዳ ተቀንሶ፣ የቀረው ሀብት ኒሳብ ከሚባለው ወለል በላይ ከሆነና አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶው ዘካ ሆኖ ይወጣል። ለወለሉ መለኪያነት በብዛት የሚሠራበት የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ነው። ብዙ ሰው ዘካውን በግምት የሚያወጣው ከቸልተኝነት ሳይሆን ስሌቱ ስለሚያደናግረው በመሆኑ፣ ማስያው የሚሰጠው አገልግሎት ከሚታሰበው በላይ ነው። ዘካ ከሰደቃ ተለይቶ መያዙም ተገቢ ነው፤ ሰደቃ ለማንኛውም ችግረኛ ሊሰጥ የሚችል የፈቃድ ስጦታ ሲሆን ዘካ ግን ባለመብቶቹ በስም የታወቁ ነው። ማስያው ሊፈታው የማይችለው ነገር የመዝሀቦች፣ ማለትም የአራቱ የሱኒ የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ ልዩነት ነው። አንዲት ሴት የምታጌጥበት ወርቅ በሐነፊ መዝሀብ ዘካ ሲወጣበት፣ በሌሎቹ ሦስት መዝሀቦች ዘንድ ግን በልማድ ተገቢ በሆነ መጠን ለጌጥ የተያዘ እስከሆነ ድረስ አይወጣበትም። እንዲህ ያለው ጉዳይ ዛሬም የዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) ምክር የሚያስፈልገው ነው።

በቁርኣን ዘጠነኛ ሱራ 60ኛ አንቀጽ ላይ ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች ተዘርዝረዋል፦ ድኾች፣ ምስኪኖች፣ ዘካውን የሚሰበስቡ ሠራተኞች፣ ልባቸው እንዲለዝብ የሚፈለጉ ሰዎች፣ ከባርነት ነጻ የሚወጡ፣ ባለዕዳዎች፣ በአላህ መንገድ ላይ ያሉ እና መንገደኞች። ስደተኛ ከእነዚህ ውስጥ በአንዱ ብቻ ሳይሆን በሁለትና በሦስቱ ሊገባ ይችላል። በአገሩ ቤትና ሱቅ የነበረው፣ ዛሬ ግን ንብረቱ ላይ መድረስ ያልቻለ ሰው የባለጸጋነት ታሪኩ ሳይታይበት በመንገደኛነቱ ባለመብት መሆኑ የሕጉን ጥልቀት ያሳያል። ተቋሙም ይህን በራሱ ግምት ከመወሰን ይልቅ የግብፁን የፈትዋ ተቋም ዳር አል-ኢፍታ፣ በየመን የተሪም ከተማ ዑለማዎችንና ዓለም አቀፉን የእስልምና ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ ጨምሮ የተለያዩ ወገኖችን ፈትዋ፣ ማለትም ሃይማኖታዊ ብያኔ፣ ጠይቆ አግኝቷል። የመንግሥታት መዋጮ የለመደ ድርጅት የሃይማኖት ሊቃውንት ፊት ቀርቦ «በምን ቅድመ ሁኔታ ይፈቀድልኛል?» ብሎ መጠየቁ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም።

ከተቀመጡት ቅድመ ሁኔታዎች ውስጥ ትልቁ፣ የገባው ዘካ በሙሉ፣ ማለትም 100 በመቶው፣ ለተረጂዎች እንዲደርስ የሚያዝዘው ነው። ከስምንቱ ባለመብቶች መካከል ሰብሳቢው ራሱ መኖሩን ካስታወስን የዚህ ክብደት ይገባናል። በሻፊዒ መዝሀብ አመለካከት የሰብሳቢው ድርሻ እስከ አንድ ስምንተኛ ሊደርስ ስለሚችል፣ ለሥራ ማስኬጃ እስከ 12.5 በመቶ የሚወስዱ የእስልምና ረድኤት ድርጅቶች አሉ፤ ይህን በማድረጋቸውም የሚወቀሱበት ምክንያት የለም። ፈንዱ ግን ሕጉ የፈቀደውን እንኳ ሳይወስድ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የማጓጓዣ ወጪውን ከሌላ የገቢ ምንጭ ሸፍኖ ዘካውን ሳይነካው ለማሳለፍ ወስኗል። በዕርዳታው ዓለም ከሚሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህሉ በቢሮ ወጪ ያልቃል የሚለው ክርክር የማይቋረጥ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ጥያቄውን የፈታው የለጋሾች ግፊት ወይም የኦዲተር ማሳሰቢያ ሳይሆን ሃይማኖታዊ አደራ ነው።

ረዘም አድርጌ ላየው የምፈልገው ግን ገንዘቡ ለባለቤቱ የሚደርስበትን መንገድ ነው። በተለይ የሐነፊ ሊቃውንት አጥብቀው እንደሚያስተምሩት ዘካ ተሰጠ የሚባለው ተቀባዩ የገንዘቡ ሙሉ ባለቤት ሲሆን ነው፤ ይህም ተምሊክ ይባላል። በዚህ አመለካከት በዘካ ገንዘብ ድልድይ መሥራት ወይም ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ምንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን፣ ግዴታውን አያወርድም፤ ድኻው እጅ ገብቶ እንደ ፈቃዱ የሚያዝበት መሆን አለበት። በሌላ በኩል የዕርዳታ ድርጅቶች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሠሩት ተቃራኒውን ነበር። ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ አሰልፈው ያድላሉ፤ ተረጂውም የቤት ኪራይ ለመክፈል ወይም መድኃኒት ለመግዛት ከራሽኑ ቀንሶ በርካሽ ይሸጣል። በግንቦት 2016 ኢስታንቡል ላይ በተካሄደው የዓለም ሰብዓዊ ጉባኤ ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች በጥሬ ገንዘብ የሚሰጠውን ዕርዳታ ለማስፋት ቃል የገቡት ከብዙ ጥናትና ሙግት በኋላ ነው። ድኻ ለራሱ የሚበጀውን ያውቃል የሚለው እምነት በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ እንደ ሕግ ሲሠራበት ኖሯል። የዘካ ፈንዱ በዋናነት በጥሬ ገንዘብ ላይ ሲመሠረት ጥንታዊው ሕግና አዲሱ የዕርዳታ አሠራር ያለ ብዙ ትግል የተገናኙትም ከዚህ የተነሳ ነው።

በዮርዳኖስ ያለውን አሠራር በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የተመዘገበች ስደተኛ ገንዘቡ መግባቱን የሚነግራት መልእክት በስልኳ ሲደርሳት ወደ ባንኩ የገንዘብ ማውጫ ማሽን ትሄዳለች። ካርድ አታስገባም፣ የሚስጥር ቁጥርም አትነካም፤ ዓይኗን ወደ ካሜራው ታቀናለች። ማሽኑ በምዝገባ ወቅት ከተቀረጸው የዓይኗ አይሪስ ጋር ያመሳክርና ገንዘቡን ይቆጥርላታል። ከኋላዋ ተሰልፎ ደመወዙን ሊያወጣ የመጣው የከተማው ነዋሪ ከማን ምን እንደተቀበለች አያውቅም። የድርጅት አርማ ያለበት ከረጢት አልተሸከመችም፣ ምስጋና እንድትናገር ካሜራ አልተደቀነባትም። ምጽዋትን በመመጻደቅና በማስከፋት ከንቱ ማድረግን የሚከለክል፣ ለድኾች በስውር መስጠትንም የሚያወድስ መጽሐፍ ለሚከተል ሰጪ፣ ከዚህ የሚቀርብ አሰጣጥ ማግኘት ከባድ ነው። ቁርኣን በባለጸጎች ሀብት ውስጥ «ለለማኝና ለተነፈገ የታወቀ መብት» እንዳለ ይናገራልና፣ ያቺ ሴት ከማሽኑ ያወጣችው ገንዘብ በሰጪው እምነት መሠረት አስቀድሞም የእሷ ድርሻ ነበር። መንግሥት ስደተኞች ጥሬ ገንዘብ እንዳይዙ በሚገድብበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከማይናማር የሸሹ ሮሂንጃዎች በሚኖሩባቸው የባንግላዴሽ ካምፖች፣ ዕርዳታው በዓይነት ይሰጣል። ይህ አማራጭ ስለጠፋ የተመረጠ መንገድ ነውና የፈንዱ ጉድለት አድርጌ አልቆጥረውም።

ዘካ ከፖለቲካ ተለይቶ የማያውቅ ጉዳይ ነው፤ የፈንዱን ዋጋም ያለዚህ ታሪክ መረዳት አይቻልም። በ632 ነቢዩ ካረፉ በኋላ የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር ዘካ አንከፍልም ባሉ ጎሣዎች ላይ የዘመቱት ዘካ የአምልኮ ተግባር ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰቡ አንድነት ማሰሪያ ስለነበረ ነው። በዘመናችን ደግሞ በፓኪስታን የጄኔራል ዚያ ኡል-ሐቅ መንግሥት በ1980 ባወጣው ድንጋጌ ከቁጠባ ሒሳቦች ላይ 2.5 በመቶ በግዴታ መቁረጥ ጀመረ። የሺዓ ሙስሊሞች የእኛ ፊቅህ ለመንግሥት እንድንከፍል አያዝዘንም ብለው በዚያው ዓመት በኢስላማባድ ባደረጉት ትልቅ ሰልፍ ነጻ እንዲደረጉ አስገደዱ። ረመዳን ሲቃረብ ገንዘባቸውን ከባንክ የሚያወጡ ብዙዎች ሆኑ፤ ከመቆረጥ ለመዳን ሲሉ ሺዓ ነን ብለው ያስመዘገቡ ሱኒዎችም ነበሩ። ሃይማኖታዊ ግዴታን በመንግሥት ኃይል ማስፈጸም በአማኙና በአምልኮው መካከል ምን እንደሚያስገባ ይህ በግልጽ ያሳያል። የስደተኞቹ ፈንድ ከዚህ የሚለየው ማንንም ስለማያስገድድ ነው፤ ሰጪው ወደ እሱ የሚመጣው አምኖት ነው፣ ካላመነውም ዘካውን ለጎረቤቱ ይሰጣል።

ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ የመጣው ጫና ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ነው። አሜሪካ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በአገሪቱ ትልቁ የነበረውን የሙስሊሞች የበጎ አድራጎት ተቋም ንብረት አገደች፤ ባንኮችም የእስልምና ስም ያለበትን የገንዘብ ዝውውር ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመሩ። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በሰኔ 2009 በካይሮ ባደረጉት ንግግር የበጎ አድራጎት ደንቦች ሙስሊሞች ሃይማኖታዊ ግዴታቸውን እንዳይወጡ እንዳስቸገሩ በግልጽ ተናግረዋል። ዘካውን በአማኝነቱ ሊያወጣ የፈለገ ተራ ሰው በወንጀል እንዳይጠረጠር ሲሰጋ የኖረበት ዘመን ነው። በዚህ ዓይነት ድባብ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ተቋም ሕጋዊና ግልጽ መንገድ ሆኖ መቅረቡ ለብዙዎች እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ይህ እፎይታ ራሱ ሊያሳስበን ይገባል፤ ለዘመናት በመስጊድና በሰፈር ዕድር መሳይ ማኅበራት ይሠራ የነበረው ሥራ ተጠርጣሪ ሆኖ የቀረ በመሆኑ ትልቁ ተቋም ብቻ አስተማማኝ መስሎ ከታየ፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለው የመተማመን ድር ይሳሳል።

አሁን ወደ ዋናው ድክመት ልምጣ። የሰብዓዊ ዕርዳታ መርሕ ሰውን በችግሩ መጠን ብቻ እንጂ በእምነቱ አይለይም። በ1994 የቀይ መስቀል እንቅስቃሴና ሌሎች የረድኤት ድርጅቶች የተስማሙበት ባለ ዐሥር ነጥብ የሥነ ምግባር ደንብ፣ በሦስተኛው ነጥቡ ዕርዳታ አንድን የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት አቋም ለማራመድ እንዳይውል ይደነግጋል። ደንቡን ካዘጋጁት መካከል ካሪታስና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የመሳሰሉ የቤተ ክርስቲያን ተቋማት የሚሳተፉበት ኅብረት መኖሩ ለጉዳዩ ክብደት ይጨምርለታል፤ አማኞቹ ራሳቸው እጃቸውን ያሰሩበት ሕግ ነውና። የዘካ ሁኔታ ግን ይለያል። የአብዛኞቹ ፉቀሃ (የእስልምና ሕግ ሊቃውንት) አስተያየት ዘካ ለሙስሊም ችግረኞች የሚሰጥ መሆኑ ሲሆን፣ ሌሎችን ጭምር የሚያካትቱ ሊቃውንት ቢኖሩም ቁጥራቸው አነስተኛ ነው። የፈንዱን ካርታ ስናይ በተደጋጋሚ የሚነሱት የመን፣ ሊባኖስ፣ ዮርዳኖስ፣ ኢራቅ፣ ባንግላዴሽና ሞሪታኒያ ናቸው፤ ከደቡብ ሱዳን ወይም ከኮንጎ የተሰደደው ቤተሰብ ረኀቡ ያነሰ ሆኖ አይደለም።

በእኔ እምነት ይህ ፈንዱን የሚያስነቅፈው ሳይሆን በግልጽ ሊነገርለት የሚገባ ወሰኑ ነው። ዘካው ለአንዱ ካምፕ ሲደርስ ከመንግሥታት የተገኘው ገንዘብ ለሌላው ካምፕ ሊተርፍ ይችላል፣ ሰደቃም ያለ ልዩነት ለሁሉም ይደርሳል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ድርጅቱ አጠቃላይ በጀቱን በችግር መጠን ሚዛን እየጠበቀ ሲያከፋፍል ብቻ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ከሳኦ ቶሜ ደሴት በሌሊት እየበረረ ከ5,000 በላይ በረራዎች ምግብና መድኃኒት ኡሊ ወደተባለው ማረፊያ አድርሷል። ብዙ ሕይወት ያተረፈ ጀግንነት ነበር፤ ሆኖም ዕርዳታው አንደኛውን ወገን አጠናክሮ ጦርነቱን አራዝሟል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። የሰጪው ልብ በእምነት ወንድማማችነት ወደ አንዱ ሲያዘነብል፣ በመካከል ያለው አድራሽ ሚዛን የመጠበቅ ሸክሙ የከበደ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ የለጋሾቹ ስብጥር ነው። ፈንዱ በ2019 የሰበሰበው ከ43 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን አብዛኛው ከአንድ የኳታር ልዑላን ቤተሰብ አባል የተገኘና ለየመንና ለባንግላዴሽ የዋለ ነበር። ስጦታው የብዙ ሺህ ቤተሰቦችን ጎሮሮ ያራሰ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን በአንድ ትልቅ እጅ ላይ የቆመ ፈንድ ያ እጅ ሲታጠፍ ይናወጣል፤ ከባሕረ ሰላጤው ባለጸጎች ጋር በተያያዘ ደግሞ የአካባቢው የፖለቲካ ፉክክር ወደ ገንዘቡ አቅጣጫ የሚገባበት ቀዳዳ ይከፍታል። ከብዙ ሕዝብ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰበሰብ ዘካ ዕድገቱ አዝጋሚ ቢሆንም፣ ተቋሙ ነጻነቱን ጠብቆ እንዲቆይ የሚያስችለው እሱ ነው።

በመረጃ ጥበቃም ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓይን ምስል እንደ ካርድ ቢሰረቅ የሚቀየር ነገር አይደለም። በሰኔ 2021 የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች ያወጣው ዘገባ፣ ከሮሂንጃ ስደተኞች በምዝገባ የተሰበሰበ መረጃ በቂ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ በባንግላዴሽ በኩል ለማይናማር፣ ማለትም ለሸሹት መንግሥት፣ ተላልፏል ሲል ከሷል፤ የስደተኞች ኮሚሽኑ ፈቃድ መጠየቁንና ማስረዳቱን ገልጾ ተከራክሯል። ዘካ ባለመብቱን የሚያስከብር እንዲሆን ከተፈለገ፣ ሴትየዋ ዓይኗን ለካሜራው ከመስጠቷ በፊት መረጃዋ የት እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚታይ በምትረዳው ቋንቋ ሊነገራት፣ እንቢ ብትልም ዕርዳታው ሳይቋረጥባት ሌላ መንገድ ሊዘጋጅላት ይገባል። ሰጪዎችም ይህንን የመጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ያለባቸው ይመስለኛል፤ አደራው የእነሱም ነውና።

በመጨረሻ መነሳት ያለበት 100 በመቶው የሚለው ቃል ኪዳን የቆመበት መሠረት ነው። የዘካው ሳንቲም ሳይነካ የሚያልፈው፣ የመዝጋቢው፣ የሾፌሩና የሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ ከሌላ ኪስ ስለሚከፈል ነው፤ ያ ኪስ ደግሞ በአብዛኛው የጥቂት ባለጸጋ መንግሥታት መዋጮ ነው። አሜሪካ በ2025 የውጭ ዕርዳታዋን በከፍተኛ ደረጃ ስትቀንስ ተቋሙ 3,500 ገደማ የሥራ መደቦችን ለማጠፍ ተገድዷል። ስደተኛውን የሚመዘግበው፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ችግሩን የሚያጣራው ሠራተኛ ከሌለ ዘካው ለማን እንደሚገባ የሚለይ አይኖርም፤ ማጣራቱ ከላላ ደግሞ «ዘካዬ ዘካ ሆኖ ይቆጠርልኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ለዚህ አገልግሎት ዘካውን አምኖ የሚሰጥ ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ ከዘካው ለይቶ ትንሽ ሰደቃ ለሥራ ማስኬጃ እንዲውል ቢያክል ጥሩ ነው እላለሁ። ፈንዱም በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ላይ ስንት ቤተሰብ እንደተረዳ ከመዘርዘር አልፎ፣ ያን ዘካ ለማድረስ ስንት ወጪ እንደወጣና ማን እንደሸፈነው ቢያሳይ፣ ሰጪው ድጋፉን የት ላይ መጨመር እንዳለበት አውቆ ይወስናል።